«ተወለደች» ብሎ ጀምሮ «ተሾሙ» ብሎ መጨረስ

ጥያቄ፦ ስለ ቀድሞዋ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ኤሊዛቤት ቦርን አጭር የሕይወት ታሪክ ስጽፍ «ፓሪስ ውስጥ ተወለደች» ብዬ ጀምሬ «ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ» ብዬ ጨረስሁ። ወዳጄ ስሕተት ነው ይለኛል። ሁሉንም በአንቱታ ብጽፈውስ ሴት መሆናቸው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ወዳጅዎ ትክክል ናቸው። አንቱታውን የሚሰጠው ዛሬ የሚጽፈው ሰው ስለሆነ፣ ባለታሪኳ ሹመት ባገኙበት አንቀጽ ላይ በድንገት ሊጀምር አይገባውም። «እ.ኤ.አ. በ1961 ፓሪስ ውስጥ ተወለዱ፤ በ11 ዓመታቸው አባታቸውን አጡ፤ በ1981 ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገብተው ምሕንድስና ተማሩ፤ በ2015 የፓሪስን የሜትሮና የአውቶቡስ ድርጅት መምራት ጀመሩ፤ በ2017 የትራንስፖርት ሚኒስትር፣ በ2022 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ» ተብሎ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ወጥ መጻፍ አለበት። (በእኛ ልማድ «ኢንጂነር ቦርን» ማለት ያምርዎ ይሆናል፤ ፈረንሳዮች ግን ሙያውን ከስም በፊት ማዕረግ አድርገው አይጠሩበትምና «መሐንዲስ ናቸው» ማለቱ ይበቃል።)

ጾታን በተመለከተ፣ አንቱታ ጾታን ከግሡ ላይ ያጠፋል እንጂ ከስሙ ላይ አያጠፋም። «ጠቅላይ ሚኒስትሯ የጡረታ መውጫ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 የሚያሳድገውን ሕግ በ2023 የታችኛው ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥበት አሳለፉ» ሲባል፣ «ሚኒስትሯ» የአንስታይ፣ «አሳለፉ» የአክብሮት ነው። ይህን እንደ አለመስማማት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ሳህለወርቅ ዘውዴ በ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ከሆኑ ወዲህ «ፕሬዚዳንቷ ገለጹ» የሚለው አጻጻፍ በዜናዎቻችን ተለምዷል፤ ሰዋስዉም አይጣላውም።

ይልቅ የሚያሠጋው ሌላ ነው። በአንቱታ የወንዱም የሴቷም የብዙውም ግሥ አንድ ስለሚሆን፣ ሁለት የተከበሩ ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ባለቤቱ ይጠፋል። ቦርን በጥር 2024 ከሥልጣን የወረዱበትን ቀን «ፕሬዚዳንት ማክሮን ጠቅላይ ሚኒስትሯን ካነጋገሩ በኋላ ሥልጣናቸውን ለቀቁ» ብለው ቢጽፉ፣ አንባቢው ማክሮንን ከወንበራቸው ያወርዳቸዋል። «ፕሬዚዳንት ማክሮን ካነጋገሯቸው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሥልጣናቸውን ለቀቁ» ይበሉ፤ ባለቤቱን ከማሰሪያው ግሥ አጠገብ ማድረግ ብቻ ነው።