ሸማኔው እጃቸውን ያቆሙበት ቅጽበት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ ሽሮ ሜዳ የቀረጸችውን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይዛ ቤቴ መጣች። ስለ አንድ አዛውንት ሸማኔ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ተለቆበታል፤ ምስሉ በየሁለት ሰከንዱ ይቀያየራል፤ ቀይና ቢጫ ጽሑፍ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ መወርወሪያው በተወረወረ ቁጥር ምስሉ በዝግታ ይሄዳል። አይቼ ስጨርስ «ከዚህ ሁሉ ሰው ልብ እንዲልልሽ የምትፈልጊው የቱን ነው?» አልኳት። ሳታመነታ «ይህ ለልጄ ሰርግ ነው ያሉትን» አለችኝ። እኔ ግን አልሰማሁትም። ሙዚቃው ከፍ ብሎ የሚጮኸው እዚያው ላይ ነበር።

ዕድሜዬን በቅንብር ክፍል ያሳለፍኩ ነኝና ይህ ስሕተት ከምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከፍርሃት ነው። ተመልካቹ በጣቱ አንሸራትቶ እንዳያልፈን ስንሠጋ ሁሉንም ነገር እናጠብቃለን። አማርኛችንን አድምጡት፦ «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን ይገልጻል። ፊደሉ ሁሉ የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ማን ይለያቸው ነበር?

ቁጭ ብለን እንደገና ቀነባበርነው። መጀመሪያ ሙዚቃውን አነሣነው። ከሥሩ ምን ተቀብሮ እንደነበር ብታዩ! ሸማኔው ማጉን ሲያጠብቁ የሚሰማው ምት፣ የእግራቸው እንቅስቃሴ፣ ከደጅ የሚመጣ የሕፃናት ድምፅ። ያንን ምት 40 ሰከንድ ያህል ሳንነካው ተውነው፤ ጆሮ ለመደው። ምስሉንም ከራቅ ብሎ የተነሣውን ብቻ አስቀደምን። እጃቸውን በቅርብ ያሳየነው አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም ሥራቸውን ሲያቆሙ። ምቱ ተቋረጠ፤ ቀና አሉና «ይህ ለልጄ ሰርግ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ሰከንድ ፊታቸው ላይ ቆየን። ልጅቷ ያንን ሰከንድ ልትቆርጠው ነበር። እጇን ያዝኩት።

ዝምታ ስል ግን ድምፅን ከነጭራሹ ማጥፋት ማለቴ አይደለም። ድምፁ ዜሮ ከሆነ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። የትም ሄዳችሁ ስትቀርጹ፣ ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ ብቻ 30 ሰከንድ ያህል ቅዱ። ዝም ያለ ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው፤ ዝምታችሁን የምትሠሩት ከእርሱ ነው።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዓይን ደማቅ ወደሆነው ይሮጣል። ከሸማኔው ጀርባ ፀሐይ የገባበት መስኮት ነበርና ተመልካቹ ፊታቸውን ትቶ መስኮቱን ያያል። ለስልክ ወደ ላይ በቆመው ጠባብ ምስል ውስጥ መስኮቱን ቆርጠን ማስቀረት ቀላል ሆነልን። ጽሑፉም ቢሆን፣ ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያይ ያስፈልጋል፤ እኛ ግን የተናገሩትን ቃል ብቻ በነጭ ፊደል፣ በአንድ ቦታ አስቀመጥን።

ሙዚቃ እወዳለሁ። ሆኖም በወጣትነቴ፣ አንዲት እናት ስለሞተ ልጃቸው ሲናገሩ ቃል አጥተው ዝም ያሉበትን ቦታ በዋሽንት ሞላሁት። እንዲህ ካደረግሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። የእርሳቸው ዝምታ ከእኔ ዋሽንት ይልቅ ይናገር ነበር። ስለዚህ ሰው ሲናገር ሙዚቃችሁን ቢያንስ በ15 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት፤ ዋናው ቃል ሲመጣ ደግሞ ጨርሶ አጥፉት።

ተማሪዋ የተስተካከለውን ቪዲዮ ይዛ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለሰች። ሸማኔው ስልኩን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አዩት፤ ከዚያም ያቺን እጃቸውን ያቆሙባትን ቦታ እንድትደግምላቸው ጠየቋት።