ብሮሸር ልታሳትሙ ነው? አሁን ጠይቁ

ስለ ንግድ ብሮሸር አቀማመጥ፣ ጽሑፍና ኅትመት ጠይቁኝ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን አንድ ባዶ ኤ4 ወረቀት ለሦስት አጥፉና በስድስቱም ፊት ላይ ቁጥር ጻፉበት። ግማሹ ጥያቄ እዚያው ይመለሳል።

ጥያቄ 1፦ ጋሼ፣ ኤ4ን ለሦስት ስከፍለው እኩል 99 ሚሊሜትር ይደርሳል። እንደዚያ ሠርቼ ብልክ ማተሚያ ቤቱ መለሰብኝ። ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ይሄ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ፓነል (ከሦስቱ ክፍሎች አንዱ፣ ታጣፊው የምንለው) ከሌሎቹ ሁለቱ ማጠር አለበት። እኩል ከሆነ ጫፉ እጥፋቱን ይገፋዋል፣ ይጎብጣል፣ ብሮሸሩም ተዘግቶ አይተኛም። የተለመደው ልክ 97፣ 100፣ 100 ሚሊሜትር ነው። በውጭው በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ታጣፊው 97፣ ጀርባው 100፣ ሽፋኑ 100 ይሆናል። በውስጥ በኩል ይገለበጣል፦ 100፣ 100፣ 97። ስለዚህ የእጥፋቱ መስመር በውጭ 97 እና 197 ላይ፣ በውስጥ ደግሞ 100 እና 200 ላይ ይውላል። ብዙ ሰው የውጩን መስመር ገልብጦ ውስጡ ላይ ይለጥፈዋል፤ ያኔ የውስጡ ጽሑፍ ሁሉ ከእጥፋቱ 3 ሚሊሜትር ይስታል። በዜድ ቅርጽ የሚታጠፍ ከሆነ ግን እኩል 99 ትክክል ነው፤ አንዱ ፓነል በሌላው ውስጥ አይገባማ።

ወረቀታችሁ ወፍራም ከሆነ ማተሚያ ቤቱን የራሱን ልክ ጠይቁት። በግምት አትሂዱ።

ጥያቄ 2፦ የትኛው ፓነል ላይ ምን ይጻፍ? እኔ ታጣፊው ላይ አድራሻና ካርታ አድርጌያለሁ።

መልስ፦ አንሱት። ያጠፋችሁትን ባዶ ወረቀት ያዙና እንደ ደንበኛ ክፈቱት። መጀመሪያ ሽፋኑ ይታያል። ሽፋኑ ሲገለጥ በግራ የውስጡ የመጀመሪያ ፓነል፣ በቀኝ ታጣፊው ጎን ለጎን ይመጣሉ። ታጣፊው ሲከፈት ብቻ ነው ሦስቱ የውስጥ ፓነሎች አንድ ላይ የሚታዩት። ማለትም ታጣፊው በንባብ ሁለተኛ ነው። ሰው ይቀጥል ወይስ ይጣለው የሚለው እዚያ ይወሰናል፣ እናንተ ደግሞ ካርታ ሰጣችሁት።

ሽፋኑ ላይ ደንበኛው የሚያገኘውን ነገር በአንድ አጭር መስመር ጻፉ፤ የድርጅቱ ስም በትንሹ ይግባ። ታጣፊው ላይ የደንበኛው ችግር ወይም ዋናው ማስረጃችሁ ይሁን። ውስጡ ዝርዝሩን ይያዝ። አድራሻ፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓትና ካርታ ወደ ጀርባው ይሂዱ፤ ሰው ሊደውል ሲል የሚገለብጠው እሱን ነው። ሌላ ወጥመድም አለ፦ በሦስቱ የውስጥ ፓነሎች ላይ የሚዘረጋ ርዕስ ካደረጋችሁ፣ በግማሽ ሲከፈት የርዕሱ የመጀመሪያው ሲሶ ብቻ ከታጣፊው ጽሑፍ ጋር ተቀጥሎ ይነበባል። አንዳንዴ የማትፈልጉትን ዓረፍተ ነገር ይሠራላችኋል። ይህ ስህተት ታጥፎ ካልተነበበ በስክሪን ላይ አይታይም።

ጥያቄ 3፦ ለንግድ ሥራ የሚስበው ቀለም የቱ ነው?

መልስ፦ የድርጅታችሁ ቀለም። ቀጥሎ።

ጥያቄ 4፦ በስክሪን ላይ ደማቅ የነበረው ሰማያዊ ታትሞ ሲመጣ ደበዘዘ፣ ትንንሹ ጽሑፍም ጥላ ያለው ይመስላል።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ስክሪን በአርጂቢ (በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን)፣ ማተሚያ በሲኤምዋይኬ (በአራት የኅትመት ቀለማት) ነው የሚሠራው፤ ደማቅ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ በኅትመት ቀለም አይደረሱም። ፋይሉን ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ክፈቱ፣ በስክሪኑ ብርሃን ቀለም አትምረጡ። ጥላው የመጣው ደግሞ ጥቁሩ ጽሑፍ ከአራቱም ቀለማት ስለተቀላቀለ ነው። የየቀለሙ ማተሚያ ሳህኖች በጥቂቱ ሲንሸራተቱ የፊደሉ ዳር ቀለም ያወጣል። ትንሽ ጽሑፍ ጥቁር 100 በመቶ ብቻ፣ ሌሎቹ ዜሮ ይሁኑ።

አንድ አባል፦ ዘንድሮ ብሮሸር ማን ያነባል? ፒዲኤፍ በስልክ መላክ ይበቃል።

ሌላ አባል፦ ኤግዚቢሽን ላይ ለቆመ ሰው ፒዲኤፍ በምን ትሰጠዋለህ? ኪውአር ኮድ አድርገህ ወረቀቱን ስጠው እንጂ።

አንድ አባል፦ ኮዱን ማን ይቃኘዋል? ግማሹ አይሠራም።

መልስ፦ የማይሠራው በምክንያት ነው። ከ2 ሴንቲሜትር አታሳንሱት፣ ዙሪያውን የ4 ትናንሽ ካሬዎች ያህል ባዶ ቦታ ተዉለት፣ ጥቁሩ በነጭ ላይ ይሁን፣ እጥፋት ላይ ደግሞ አታስቀምጡት። መሐሉ ላይ አርማ ካስገባችሁ የኮዱን የስህተት ማረሚያ ወደ ኤች (ከፍተኛው ደረጃ) ከፍ አድርጉት፤ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ቢጠፋም ይነበባል። ከሁሉም በላይ በክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት የሚያመነጨውን ተለዋዋጭ ኮድ (በአገልግሎቱ አድራሻ በኩል የሚያልፈውን) ተጠንቀቁ። ክፍያው ሲቋረጥ ኮዱም ይሞታል፣ ወረቀቱ ግን በሰው እጅ ይቀራል። ኮዱ የራሳችሁን ድረ ገጽ አድራሻ ይያዝ፤ መድረሻውን ከዚያ መቀየር ትችላላችሁ። ስለ ፒዲኤፉ ክርክር ሌላ ቦታ ቀጥሉ።

ጥያቄ 5፦ እኔ የጀመርኩት ቆንጆ አልሆነም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ቆንጆ አልሆነም» ማለት ለእኔ ምንም አይነግረኝም። የፊደል መጠን? ምስል? ባዶ ቦታ? ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ 6፦ የአማርኛው ጽሑፍ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ሆኖ ወጣ።

መልስ፦ ዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ የሚሠራው የፊደላት የጋራ ኮድ) ባልሆነ አሮጌ ፎንት ተጽፏል ማለት ነው። በዩኒኮድ እንደገና ይጻፍ ወይም ይቀየር፣ ከዚያ ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ ይላክ። ስለ ፊደላችን ካነሳችሁ አይቀር፦ ካፒታል ፊደል ስለሌለን ትኩረት የምንሰጠው በመጠንና በውፍረት ነው። ውፍረቱ ግን ከፎንቱ የራሱ ወፍራም ዓይነት ይምጣ። ፕሮግራሙ በግድ የሚያወፍረው የፀ፣ የጭ፣ የቋን ትንንሽ ዓይኖች ይደፍናቸዋል። ፊደሎቹ ቁመታም ስለሆኑ የመስመሩን ርቀት ከላቲን ጽሑፍ አስፉት፤ ለ10 ነጥብ ፊደል 15 ነጥብ ያህል እኔ እመርጣለሁ። በጥቁር ፎቶ ላይ ነጭ ቀጭን ጽሑፍ አታድርጉ፤ ቀለሙ ይውጠዋል።

ጥያቄ 7፦ ታጣፊው ላይ ካርታ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ጥያቄ 2ን አንብቡ። ወረቀት አጥፉ ብያለሁ።

ጥያቄ 8፦ ጽሑፉ ላይ «ጥራት ያለውና አስተማማኝ አገልግሎት» ብለናል። ይበቃል?

መልስ፦ ተፎካካሪያችሁ የራሱን አርማ ቢለጥፍበት የሚሠራ ዓረፍተ ነገር ለእናንተ አይጠቅምም። የሂሳብ ሥራ ከሆነ «የወሩን ሂሳብ በ3 የሥራ ቀን ዘግተን እናስረክባለን» በሉ፤ ቁጥሩን ግን የምትጠብቁት ከሆነ ብቻ። በአንድ የውስጥ ፓነል ከ80 ቃል በላይ አትጫኑ።

ጥያቄ 9፦ ዋጋው ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ማተሚያ ቤቱን። ብዛት፣ ወረቀት፣ እጥፋት ጽፋችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ 10፦ በካሬ ሜትር 250 ግራም የሚመዝን ወረቀት ላይ አሳትመን እጥፋቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ወጣ። ላሚኔሽን (የፕላስቲክ ሽፋን) ያድነዋል?

አንድ አባል፦ ያድነዋል።

ሌላ አባል፦ አያድነውም፣ እኔ ያየሁት ላሚኔሽኑም ተላጠ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከምክንያቱ አልፋችሁ ሄዳችሁ። ከ170 ግራም በላይ ሲሆን ወረቀቱ ከመታጠፉ በፊት ክሪዚንግ (በእጥፋቱ መስመር ላይ የሚጫን ጉድጓድ መስመር) ይመታ፣ የወረቀቱ የቃጫ አቅጣጫም ከእጥፋቱ ጋር ትይዩ ይሁን። በተቃራኒው ከታጠፈ ቃጫው ይሰበራል፤ እጥፋቱ ላይ ጥቁር ቀለም ከተዘረጋ ደግሞ ስንጥቁ ፈጦ ይታያል። ላሚኔሽን ይቀንሰዋል እንጂ ክሪዚንግን አይተካም። ለባለ ሦስት እጥፍ 130 ወይም 150 ግራም ይበቃል። ደንበኛው በእስክሪብቶ የሚሞላው ቅጽ ካለበት አንጸባራቂ ወረቀት ተዉት፣ ቀለሙ ይፈስበታል።

ጥያቄ 11፦ ፋይሉን ስንልክ ምን እንፈትሽ?

መልስ፦ በአራቱም ጎን 3 ሚሊሜትር ብሊድ (ከመቁረጫው ውጭ የሚተርፍ ቀለም)፤ ማለትም ገጹ 303 በ216 ሚሊሜትር ይሆናል። ጽሑፍ ከመቁረጫው ጫፍም ከእጥፋቱም 5 ሚሊሜትር ይራቅ። ምስሎች በሚታተሙበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁኑ፤ አንድ ፓነል የሚሞላ ፎቶ በወርዱ 1181 ፒክስል ይፈልጋል። ከማኅበራዊ ገጽ የወረደ ምስል አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። ከዚያ በራሳችሁ ፕሪንተር በ100 በመቶ መጠን፣ በሁለቱም ገጽ አትሙት፣ እጠፉት፣ ስልክ ቁጥሩን ከወረቀቱ እያነበባችሁ ደውሉበት።

ጥያቄ 12፦ በቤት ፕሪንተር ስናትም የውስጡ ገጽ ተገልብጦ ይወጣል።

መልስ፦ በአጭሩ ጎን ገልብጥ የሚለውን ምረጡ።