ዋርካውን ልቁረጠው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ከአባቴ የወረስኩትን ቤት አፍርሼ ጂ+3 ልሠራ ነው። በር ላይ ያለው ዋርካ የሱቆቹን ፊት ይሸፍናል። ተቋራጩ «ቁረጠውና ተገላገል» ይለኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተቋራጭህ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ አንተ ለተከራዮችህ አስብ። በሐዋሳ ቀትር ሊስትሮውም፣ ባጃጁም፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋም ጥላ ፍለጋ ነው የሚሄዱት። ገበያ ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው። የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ አስከርክም፤ ሥሩ መሠረቱን እንዳይነካ መሐንዲስ ይየው። ከአጥርህ ውጭ ከሆነማ ማዘጋጃ ቤት ሳትጠይቅ መጋዝ እንዳታስነካው።

እኔን ይልቅ ያሳሰበኝ ያልጠየቅኸኝ ነገር ነው፤ ፍሳሹ። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ቆሻሻ የት ይሄዳል? የሽንት ቤት መስመርህን ከጎርፍ ቦይ ጋር እናገናኘው የሚልህ ከመጣ እሺ እንዳትል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የአሳ ገበያ የምትበላው አሳ ከዚያው ውሃ ነው የሚወጣው። ሴፕቲክ ታንክ አስቆፍር፣ በየጊዜውም አስመጥጥ። ግቢውንም ዳር እስከ ዳር ታይልስ አታልብሰው፤ ዝናቡ የሚሰርግበት አፈር ይቅርለት። አሸዋውን ደግሞ ቦይ አፍ ላይ አታስደፋ፣ በተለይ ክረምት ላይ።