የታዝማኒያ ነብር ጠፋ፣ የቀፎዬ ትል ግን አልጠፋም!

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ጅማ ዙሪያ ጥቂት ቀፎዎች አሉኝ። ልጄ ሰሞኑን «የታዝማኒያ ነብር የሚባል፣ ልጁን በኪስ የሚያሳድግ አውሬ ነበር፣ ሰዎች እያደኑ ጨረሱት» አለኝ። እኔ ደግሞ የቀፎዬን ሰም የሚበላውን የእሳት ራት ትል እየለቀምኩ ባቃጥልም በየጊዜው ይመለሳል። ያ ሁሉ አውሬ ጠፍቶ ይቺ ቁራጭ ነገር እንዴት አቃተችኝ?

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባናል። መጀመሪያ ግን ስሙ አያሳስትዎ። ነብር ያሰኘው ጀርባው ላይ ያለው መስመር ነው እንጂ ዘመዶቹ እነ ካንጋሮ ናቸው። ኪሱ የሚከፈተው ወደ ኋላ ነበር፤ ወንዱም ኪስ ቢጤ ነበረው!

በግ ይፈጃል ተብሎ ነው የተፈረደበት። ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ያለችው ደሴት የታዝማኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1909 ድረስ ትልቁን ለገደለ ሰው 1 ፓውንድ ይሰጥ ነበር፤ ከ2,100 ጊዜ በላይም ከፍሏል። ሴቷ ያሏት ጡቶች 4 ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ አታሳድግም። ከአውስትራሊያ ዋና ምድር ደግሞ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ስለጠፋ፣ ደሴቱ ላይ ያለው ሲያልቅ ከጎረቤት የሚመጣ ምትክ አልነበረም። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1936 ሆባርት ከተማ፣ መካነ እንስሳት ውስጥ ሞተ። በሕግ እንዲጠበቅ የተወሰነው መቼ ቢሉ፣ ከ59 ቀን በፊት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

የእርስዎ ጠላት ሌላ ናት። አንዷ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፣ ልጆቿ ሙቀት ካገኙ በሳምንታት ያድጋሉ፣ ንብ ባለበት አገር ደግሞ አትታጣም። ዛሬ ሺህ ትል ቢያቃጥሉ፣ ማታ ከጎረቤት ቀፎ ወይም ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተረስቶ ከቀረ ቀፎ ሌላዋ በርራ ትመጣለች። ደግሞ ሰሙን የሚያወድመው ትሉ ነው፤ ክንፍ ካወጣች በኋላ ምንም አትበላም። የእሳት ራት ትባል እንጂ እሷ ራት የላትም።

ስለዚህ በመልቀም ብቻ አይጨርሷትም። ንቡ የበዛበት ቀፎ ትሉን ራሱ ጎትቶ ያወጣል፤ የሚጠቃው የደከመው ነው። የጠቆረ አሮጌ የማር እንጀራ ጓዳ ጥግ አይከምሩ፣ ቶሎ አቅልጠው ሰሙን ይሽጡት። ንብ ጥሎት የሄደ ቀፎ ካለዎትም ዛሬውኑ ያውርዱትና ያጽዱት።