ከሰማይ የወደቀ ታንክ ሱቅህ ቢመጣ

አንድ ወጣት በያጅ ከምናለሽ ተራ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ኬንያ ውስጥ ከሰማይ የወደቀውን የብረት ቀለበት በስልክ አየሁት። እኛ ጋ ቁራሌው የማያመጣው ነገር የለም። አንድ ቀን እንደዚያ ያለ ክብ ታንክ ይዞ ቢመጣ፣ ባዶ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አጥቤ ብቆርጠውስ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድምልህ። አትቁረጠው። አትጠበው። ቫልቩንም አትንካው።

ያየኸው ቀለበት ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ማኩዌኒ ውስጥ፣ ሙኩኩ በሚባል መንደር የወደቀው ነው። ዳር እስከ ዳር 2.5 ሜትር፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ገደማ። ቀለበት ነዳጅ አይይዝም። ታንክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሳተላይቶች አቅጣጫቸውን የሚያስተካክሉት ሃይድራዚን በሚባል ፈሳሽ ነው። ሲያዩት ውሃ ነው። ታንኩ ብዙ ጊዜ ከታይታኒየም ይሠራል፤ ታይታኒየም የሚቀልጠው ደግሞ 1,668 ዲግሪ ላይ ነው። ሳተላይቱ ሲወድቅ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ያልቃል፣ ኳሷ ትተርፋለች። ሳተላይቱ ቀድሞ ሞቶ ማሞቂያው ከጠፋ ደግሞ ነዳጁ ውስጡ እንደ በረዶ ይረጋል። የረጋ ነገር ቶሎ አይሞቅም፤ መሬት ሊደርስ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የራሷን የስለላ ሳተላይት በሚሳይል ስትመታ የሰጠችው ምክንያት ይኼው ነበር። ታንኩ ውስጥ 450 ኪሎ ያህል ሃይድራዚን ነበረ።

እኔ ይህን ፈሳሽ የማውቀው ከቦይለር ቤት ነው። የቦይለር ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቱቦውን እንዳይበላው ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። ያኔ የነበረን በውሃ የቀጠነ ነበር፣ 35 በመቶ። አንድ ቀን የሚያንጠባጥብ ፓምፕ በጨርቅ ጠረግኩ። አፍንጫዬን እንደ አሞኒያ ሰነፈጠኝ። አለቃዬ ጨርቁን ከእጄ ቀምቶ ውሃ ባልዲ ውስጥ ከተተው። «ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያነዳል» አለኝ። ቀጥሎ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ከሸተተህ አልፎብሃል።»

እውነቱን ነው። ሽታው የሚታወቀው አየር ውስጥ ከሚሊዮን 3 ወይም 4 እጅ ሲሆን ነው። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም የሚመክረው ወሰን ግን 0.03 ነው። ስለዚህ ማሽተት መመርመሪያ አይሆንም። ማግኔትም አይነግርህም፤ ታይታኒየምን አይስብም፣ ውስጡን ደግሞ አያሳይም። ላዩ ጥቁር ክር የተጠቀለለበት ታንክም አለ። አንዳንዱ ኳስ ነዳጅ ሳይሆን ሂሊየም የሚባል ጋዝ የሚይዝ ነው፣ ብዙውም ባዶውን ይደርሳል። ከውጭ ሆነህ ግን አትለየውም።

አሁን ወደ ማጠቡ። ልማዳችንን አውቃለሁ። የቤንዚን በርሜል ስንበይድ ውሃ እንሞላና አየሩን እናስወጣለን። እዚህ እሱ ዘዴ አይሠራም። የሃይድራዚን ትነት አየር ሳያገኝም ይፈነዳል። ዝገት ብቻውን ሊያቀጣጥለው ይችላል፤ የኛ ወለል ደግሞ ዝገት ነው። ውሃ ለመሙላት መጀመሪያ መክፈት አለብህ፣ ስትከፍት ትተነፍሰዋለህ። ያጠብክበት ውሃም ቦዩን ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ሰው ላይ የሚያደርገው ቀላል አይደለም። ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። በቆዳም ይገባል። ጉበት ይጎዳል፣ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉትም አንዱ ነው። ካዛክስታንና የሩሲያዋ አልታይ ውስጥ የሮኬት ቁርጥራጭ እየለቀሙ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። እዚያ ከሚወድቁት ሮኬቶች አንዳንዶቹ የሚነዱበት ሄፕቲል የሚባል ነዳጅ የዚሁ የሃይድራዚን ዘመድ ነው። እነሱም እንደኛ የብረቱን ዋጋ ነው ያዩት፤ ለዚህ ነው አንተ በመጠየቅህ ደስ ያለኝ።

ታንኩ ከመጣ ባለበት ተወው። ብየዳውን፣ ግራይንደሩን፣ ሲጋራውን አጥፉ። ነፋሱ ከታንኩ ወደ እናንተ በማይነፍስበት በኩል ራቁ፣ ልጆቹን መጀመሪያ አስወጡ። አዲስ አበባ ከሆንክ 939 ደውልና «የሳተላይት ታንክ ሊሆን ይችላል፣ ነዳጁ መርዝ ነው» በል። እንዲህ ብለህ ካልነገርካቸው ተራ ብረት ነው ብለው ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። ደግሞ ሽያጩን እርሳው። በ1967ቱ የሕዋ ስምምነት መሠረት ዕቃው አሁንም የባለቤቱ ነው፣ ከሰማይ ስለወደቀ የአግኚው አይሆንም።

የነካው ሰው ካለ ልብሱን አውልቆ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይታጠብ። ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ለሐኪሙ «ሃይድራዚን» የሚለውን ቃል ንገሩት። ለመንቀጥቀጡ ቫይታሚን ቢ6 በመርፌ ይሰጣል፤ ስሙን ካላወቀ ግን በምን ያስበዋል?

አንድ ነገር አደራ። ቁራሌውን ተቆጥተህ አትመልሰው። ታንኩን አቅፎ ወይ ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው፣ ካንተ ይልቅ የተጋለጠው እሱ ነው። መጀመሪያ የእሱን እጅና ልብስ እይ።