የሞጆ ደለል ሐምሌ ላይ አንሶ መስከረም ላይ ለምን በዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ የሞጆን ወንዝ ተፋሰስ በስዋት (የተፋሰስን ውኃና ደለል በሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል) እየሠራሁ ነው። ወርኃዊ የውኃ ፍሰቱ ከተለካው ጋር ጥሩ ገጥሟል፤ የናሽ-ሰትክሊፍ ውጤቱ (የመግጠም መለኪያ፤ 1 ፍጹም መግጠም ነው) 0.74 ነው። ደለሉ ግን ሐምሌ ላይ ከተለካው ግማሽ አይደርስም፣ መስከረም ላይ ደግሞ ይበልጣል። ኤስፒኮን የተባለውን የሞዴሉን ቁጥር እስከ 0.01 ባደርሰውም ለውጥ የለም። እንዲሁ ትቼው ወደ አየር ንብረት ለውጡ ልለፍ?
(ከአዳማ)

መልስ፦ አይለፉ። ኤስፒኮን ወንዙ በቦዩ ውስጥ ተሸክሞ ሊሄድ የሚችለውን የደለል መጠን ነው የሚወስነው። የእርስዎ ችግር ያለው ማሳው ላይ ነው። ሐምሌ ላይ አንሶ መስከረም ላይ መብዛቱ ራሱ ይናገራል፦ ሞዴሉ የገበሬውን የቀን መቁጠሪያ አያውቅም።

ስዋት እንዲሁ ሲተው ሰብልን የሚያበቅለው በተጠራቀመ ሙቀት ነው። በአዳማና በሞጆ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ስላለ ጤፉ በሞዴሉ ውስጥ ገና ክረምቱ ሳይገባ ያድጋል፤ ሐምሌ ላይ መሬቱን ይሸፍናል፣ መስከረም ላይ ታጭዶ ያበቃል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ታርሶ፣ ልሞ፣ ራቁቱን ሆኖ ነው የሐምሌን ዝናብ የሚቀበለው። ስለዚህ የማሳ አያያዝ ፋይሉን በእጅዎ ይሙሉ፦ እርሻ ከግንቦት እስከ ሰኔ፣ ዘር በሐምሌ፣ አጨዳ በኅዳር። ቀኖቹን ከአካባቢው የግብርና ባለሙያ ያረጋግጡ። ከዚህ በኋላ ነው የሽፋንና የእርከን ቁጥሮችን (ሰብልና እርከን አፈሩን ምን ያህል እንደሚጠብቁ የሚገልጹትን) መነካካት የሚገባው።

ቀጥሎ የጎርፉን ጫፍ ይመልከቱ። የስዋት የአፈር መሸርሸር ቀመር የዕለቱን የጎርፍ መጠን፣ የጎርፉን ከፍተኛ ፍሰትና የመሬቱን ስፋት አባዝቶ ውጤቱን ወደ 0.56 ኃይል (ፓወር) ከፍ ያደርጋል። የገባው ዝናብ የዕለት ከሆነ ያንን ከፍተኛ ፍሰት የሚገምተው በአየር ሁኔታ ማመንጫው (የጣቢያው የአየር ሁኔታ አኃዞች በሚሞሉበት የሞዴሉ ክፍል) ውስጥ ከተሞላው የግማሽ ሰዓት ከፍተኛ ዝናብ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ረድፍ ከሌላ ጣቢያ ገልብጦ ያልፈዋል፤ ደለሉ የሚጠፋው እዚያ ነው።

የለካነው ራሱስ? የወንዝ ከፍታ በእጅ የሚነበበው በአብዛኛው በቀን ሁለቴ፣ ከጠዋቱና ከማታው 12 ሰዓት ነው። ሌሊት 5 ሰዓት ደርሶ 8 ሰዓት ላይ ያለፈ ጎርፍ መዝገቡ ላይ የለም። በምሳሌ እንየው። በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ውኃ፣ በሊትር 500 ሚሊግራም ደለል ይዞ ሲሄድ 10 × 500 × 0.0864 = 432 ቶን በቀን ይሆናል። በሰከንድ 120 ሜትር ኩብ የሆነ ጎርፍ በሊትር 8,000 ሚሊግራም ቢሸከም ግን በሦስት ሰዓት ብቻ 10,368 ቶን ያወርዳል። ይህም የ24 ቀን ደለል ማለት ነው። የወር አማካይ ፍሰት የመግጠም ውጤት 0.74 መምጣቱ ይህን አይነግርዎትም።

የፍሰትና የደለል ማዛመጃውንም (ከፍሰቱ ደለሉን የሚገምቱበትን) አንድ መስመር ብቻ አያድርጉት። ለሰኔና ሐምሌ አንድ፣ ለነሐሴና መስከረም ሌላ ይሥሩ፤ በተመሳሳይ ፍሰት የሐምሌው ውኃ ይበልጥ ድፍርስ ነውና። መስመሩን በሎጋሪዝም ሠርተው ወደ ተራ ቁጥር ሲመልሱት ደግሞ የደለሉ ግምት ዝቅ ይላል። በተፈጥሮ ሎጋሪዝም የስህተቱ መደበኛ ልይይት 0.8 ከሆነ በ1.38 ማባዛት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። የጣቢያው መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8 ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተነበበ ዝናብም አብዛኛው የትናንት ነው። የአንድ ቀን መንሸራተት የዕለት ውጤትን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ለወደፊቱ ዝናብ የአምስት የአየር ንብረት ሞዴሎችን አማካይ ብወስድ ይሻላል?

መልስ፦ ለደለል ፈጽሞ አይውሰዱ። አንዱ ሞዴል ሰኞ 60 ሚሊሜትር ቢያዘንብና ሌሎቹ አራቱ ደረቅ ቢሆኑ አማካዩ 12 ሚሊሜትር ነው። አፈር የሚያጥበው ዝናብ በስሌት ተሰወረ። እያንዳንዱን ለየብቻ ያስኪዱና ውጤቱን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያሳዩ።

ከዚያ በፊት የሞዴሎቹን ዝናብ መዛባት ያርሙ። የሲሚፕ 6 (የዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ) ሞዴሎች ብዙዎቹ የአንዱ ካሬያቸው ጎን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አዳማን፣ ሞጆንና ቢሾፍቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃሉ፤ ካፊያም ያበዛሉ። መጀመሪያ ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነውን እንደ ደረቅ ቀን ቆጥረው የዝናብ ቀናትን ቁጥር ያስተካክሉ፣ ከዚያ የዝናቡን መጠን፣ በልግንና ክረምትን ለይተው። የጣቢያ መረጃ ከጎደለ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ቺርፕስ (ከሳተላይትና ከጣቢያ የተቀናበረ የዝናብ መረጃ) ይረዳል፤ ከባድ ዝናብን ግን ሊያሳንስ ይችላልና ካሉት ጣቢያዎች ጋር ያስተያዩት። የወደፊቱን ደለል የሚያነጻጽሩትም ያው የአየር ንብረት ሞዴል ለ1981–2010 እ.ኤ.አ. ከሰጠው ውጤት ጋር ነው እንጂ ከተለካው ጋር አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንጂ አጠገብ ባለው የአዋሽ ጣቢያ ደለሉን ላስተካክል?

መልስ፦ አይሆንም። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆቃ ግድብ ከላይ የሚመጣውን ደለል አብዛኛውን ያስቀራል፤ ፍሰቱም የሚለቀቀው በሰው እጅ ነው። ከግድቡ በላይ ያሉትን፣ አዋሽን ሆምቦሌ ላይና ሞጆን ይጠቀሙ። የቆቃ ሐይቅ የጥልቀት ልኬት ካለዎት በሁለት ልኬቶች መካከል የጠፋውን ውኃ የመያዝ አቅም ወደ ቶን ደለል ለውጠው ያመሳክሩ። ለዚህ የደረቅ ደለል እፍጋት ያስፈልጋል፤ ረቂቅ ጭቃ በሜትር ኩብ ከ1 ቶን በታች፣ አሸዋ ያለበት ከዚያ በላይ ስለሚመዝን ናሙናውን ከግድቡ አጠገብም ወንዞቹ ከሚገቡበትም ያውጡ።