ጀርመን ነፃ፣ እንግሊዝ ውድ ለምትሉ ልጆቼ

ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ሂሳብ ሳገላብጥ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደወለችና «ጋሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ ብዙ የሚያወጣው የትኛው መንግሥት ነው፣ የጀርመን ወይስ የእንግሊዝ?» አለችኝ። ለትምህርቷ ነው። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣ ልትገላገል ነበር። እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበር የማደርገው፣ አልዋሽም።

መጀመሪያ እንግሊዝን እንያት። ስኮትላንድን አላልኩም፣ እዚያ የአገሬው ልጅ ለመጀመሪያ ዲግሪ አይከፍልም። እንግሊዝ በ1998 ክፍያ ጀመረች፣ ጣሪያው 1,000 ፓውንድ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ2006 3,000፣ በ2012 9,000 ገባ፣ አሁን ከ9,500 አልፏል። ላየው ሰው መንግሥት እጁን የሰበሰበ ይመስላል። ግን ብዙው የአገሬው ተማሪ ዛሬ ከኪሱ አያወጣም። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ይከፍልለትና ብድር ብሎ ይመዘግብበታል። ኮስት ሼሪንግ ፈርማችሁ የተማራችሁ ነገሩ አይጠፋችሁም። ተመርቆ ደመወዙ ከተቀመጠው ወለል ካላለፈ አይቆረጥበትም፣ ካለፈም ካለፈው ላይ 9 በመቶ ነው። በ2012 የገቡት 30 ዓመት ከፍለው ያላለቀው ይሰረዝላቸዋል፣ ከ2023 ወዲህ ለገቡት 40 ዓመት ሆኗል።

የሚሰረዘው ታዲያ ምንድነው? ወጪ ነዋ! ለዓመታት ግን ብድሩ መዝገብ ላይ እንደ ሀብት ተቀምጦ፣ ስረዛው ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሌላ ሚኒስትር የሚጨነቅበት ጣጣ ሆኖ ቆየ። በ2017 መጨረሻ መንግሥት በወረቀት 3.5 ቢሊዮን ፓውንድ የሆነ የተማሪ ብድር ሸጦ 1.7 ቢሊዮን ብቻ አገኘ። በዓመቱ የአገሪቱ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ ይመለሳል ተብሎ የማይጠበቀው ገንዘብ ብድሩ በተሰጠበት ጊዜ በወጪ እንዲመዘገብ ወሰነ። የበጀት ጉድለቱ በ12 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አበጠ። አንድ ተማሪ አልጨመረም፣ አንድ መምህር አልተቀጠረም፣ የተቀየረው አጻጻፉ ነው። እኛ የሂሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን ስናይ ሳቃችን ይመጣል፣ ሚስቴ ምኑ እንደሚያስቅ እስካሁን አልገባትም።

ስለዚህ እስከ 2019 ድረስ የተጻፈ ቁጥር ካገኛችሁ፣ እባካችሁ ብድሩ የት እንደተቆጠረ ሳታዩ አትጠቀሙበት።

ጀርመን ደግሞ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲውን በዋናነት የሚደጉሙት ክልሎቹ ናቸው። በ2005 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የፌደራሉን የክፍያ ክልከላ ሲሽር፣ አንዳንድ ክልሎች በሴሚስተር እስከ 500 ዩሮ ማስከፈል ጀመሩ። ተማሪው ጮኸ፣ ክልሎቹም አንድ በአንድ ተዉት፣ የመጨረሻዋ ኒደርዛክሰን በ2014። ወጪው በየዓመቱ በጀት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለነገ የተደበቀ ብዙ የለውም። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ብዙ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ አውስቢልዱንግ ገብቶ፣ ድርጅት እየከፈለው ሙያ ይማራል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ቁጥር በዚያው ያንሳል፣ ስለዚህ ወጪውን ለአገሪቱ ኢኮኖሚ ስታካፍሉና ለተማሪ ቁጥር ስታካፍሉ የምታገኙት ሥዕል አንድ አይደለም።

«ነፃ» የሚለው ቃል ራሱ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። የወዳጄ ልጅ ጀርመን ነፃ ነው ብሎ ሽቱትጋርት አመልክቶ፣ ፎርሙን ሞልቶ ሲጨርስ ነው ያየው። ሽቱትጋርት ያለችበት ክልል ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በዚያ ላይ ለቪዛው ብሎክድ አካውንት በሚሉት፣ በየወሩ በልክ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ ውስጥ፣ ለአንድ ዓመት መኖሪያ ወደ 12,000 ዩሮ አሳይ ይባላል። አባቱ መሬት ሊሸጥ ሲል ደረስንበት፣ ክፍያ የሌለበት ሌላ ክልል ፈለግንለት።

የእህቴን ልጅ ሠንጠረዥሽ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምሪ አልኳት፣ ማን ይከፍላል እና መቼ ይከፍላል የሚሉ። «ነገ ነው የማስረክበው እኮ!» ብላ ዘጋችብኝ።